የመጀመሪያው በቃኝ አይቆጠርም

«ታገቢኛለሽ?» አላት።

ይኸው ነው። አልተንበረከከ፣ ግጥም አልደረደረ፣ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደ። ምሳ አልቆ የተማሪዎቹ መመገቢያ አዳራሽ ጭር ብሏል፤ ወንበሮቹ ጠረጴዛዎቹ ላይ ተገልብጠዋል፤ ወለሉ ተወልውሎ ገና አልደረቀም። ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሎ ጠየቃት። ቀኑን ሙሉ ያን የሚያህል ጭልፋ ሲያነሳ ሲጥል የማይደክመው እጁ አሁን የሽርጡን ጫፍ ይፈትላል።

ጭራሮ ደስታው ከእግር ጥፍሯ ተነስቶ እስከ ጸጉሯ ጫፍ ሲወጣ ተሰማት። «ጭራሮ» ያሏት ቤተሰቦቿ ናቸው፤ ቢያበሏት ቢያበሏት ሥጋ አልይዝ ብላቸው። ለትምህርት ወደዚህ አገር ስትመጣ ስሟን አስተካክሎ የሚጠራ ሰው ስታጣ ይችኑ ቅጽል ሰጥታቸው ተገላገለች። ባለጭልፋው፣ የአዳራሹ ወጥ ሠሪ፣ ግን ሲጠራት ምላሱ ስለማያዞረው አለስልሶ ነው የሚላት፤ እሷም እንዲያ ሲላት ሆዷ ቅቤ ይጠጣል።

ታዲያ ምን ብላ መለሰችለት?

አንገቷን ደፋች። በሻርፗ ጫፍ አፏን ሸፈን አደረገች። «ኧረ እኔ… አይሆንም፣ ተወው» አለችው።

አይ ጭራሮ! ግን አትፍረዱባት። ባደገችበት ቤት «አይሆንም» ማለት እሺ ለማለት ጉሮሮ መጥረግ ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ የምትል ልጅ ስትጠብቅ ኖራለች ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ስሟ አይነሳም። እናቷ እንኳ፣ አባቷ ሦስት ጊዜ እንደጠየቃት፣ ሁለቴ ፊት ነስታው በሦስተኛው በግድ እንደተሸነፈች ጎረቤት በተሰበሰበ ቁጥር ታወራለች። አባትየው ወሬው በተነሳ ቁጥር ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ፊቱን ይሸፍናል። ጭራሮ ይህን ስትሰማ ነው ያደገችው። እናም አንገቷን እንደደፋች፣ ልቧ እየዘለለ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቀች።

«ገባኝ» አለ ባለጭልፋው። ድምፁ ቀስ ያለ ነበር። «በግልጽ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ።»

ተነሳ። የተቀመጠበትን ወንበር አንስቶ እንደሌሎቹ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ጭራሮ ቀና ስትል ትልቁን ድስት ታቅፎ ወደ ጓዳ ሲገባ ጀርባውን ብቻ አየች። ይመለሳል ብላ ተቀመጠች። ከጓዳ የሚሰማው የሳህን ኳኳታ ነበር፤ እሱም ቆይቶ ጸጥ አለ። ብርዱ ከእርጥቡ ወለል ይሁን ከልቧ ይምጣ አላወቀችም፤ ብቻ በረዳት።

ደግሞ እኮ ማወቅ ነበረባት!

የመጣች ሰሞን ያየችውን አሳር ልንገራችሁ። የጥርስ ሕክምና ልታጠና መጥታ የገዛ ጥርሷ ሥራ ፈቶ ነበር። መጀመሪያ ምግቡ ራሱ አስደነገጣት። ሾርባው ቀዝቃዛ፤ ያውም ረስተውት ሳይሆን አውቀው ያቀዘቀዙት! ዓሣው ከነጭንቅላቱ ሳህን ላይ ተጋድሞ ዓይኑን ሲያፈጥባት እሷም አፈጠጠችበት፤ ዓይኗን የሰበረችው እሷ ናት። አትክልቱ በውኃ ከመቀቀሉ በቀር ምንም አልደረሰበትም።

ምግቡንስ በለመደችው። የባሰው ሌላ ነው። ባለጭልፋው ከድስቱ ኋላ ቆሞ በዓይኑ ፈገግ እያለ «ልጨምርልሽ?» ይላታል። እሷ በጨዋ ደንብ «በቃኝ» ትላለች፤ ጭልፋው ወደሚቀጥለው ሰው እብስ! በሞቴ የለ፣ አፈር ስሆን የለ። ሳህኗን እንደዘረጋች ትቀራለች፤ ከኋላዋ ያለው ሰልፈኛ በትሪው ገፋ ያደርጋታል። በማግስቱም እንደዚያው። እንግዳ እንዲህ አፍጥጠው የሚያስርቡ ምን ዓይነት ጨካኞች ናቸው አለች። ጨካኝ ደግሞ እንዴት እንዲህ ያለ ዓይን ይኖረዋል? ነገሩ ግራ ገባት።

እውነቱን የነገረቻት አብራት የምታድረው ልጅ ናት፤ ሳቂታ ስለሆነች ጭራሮ «ሳቂታዋ» ትላታለች። አንድ ቀን በር ከፍታ ስትገባ ጭራሮ ደረቅ ዳቦ እናቷ ቋጥራ በሰጠቻት በርበሬ እያጠቀሰች ዓይኗ እንባ አቅርሮ አገኘቻት።

«ምሳ አልበላሽም እንዴ?»

«አልጨመሩልኝም።»

«ጠይቀውሽ ነበር?»

«ጠይቀውኝማ ነበር። አንዴ ብቻ ጠይቀው ተዉኝ!»

ሳቂታዋ አልጋዋ ላይ ተንከባላ ሳቀች። ስትጨርስ አስረዳቻት። «እኛ አገር ሰው በቃኝ ካለ በቅቶታል ነው። ደግሞ መጠየቅ ነውር ነው፤ ዋሽተሃል እንደማለት ነው። በይ ነገ አዎ በይ፣ በረሃብ ልትሞቺ ነው።»

በማግስቱ «ልጨምርልሽ?» ሲላት «አዎ!» አለች፤ ከመጮኋ የተነሳ ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አያት። ባለጭልፋው ሳቀና ሳህኗን እስከ አፉ ሞላላት። የወደዳት ያኔ ነው፤ እሷ ግን ከዚያም በፊት ወዳዋለች። ውሎ አድሮ የዓሣዋን ጭንቅላት ማንም ሳያይ ቆርጦ ያስቀርላት ጀመር። ቀዝቃዛውን ሾርባ አሙቅልኝ ስትለው አባቱን የሰደበችበት ያህል ደነገጠ፤ በሳምንቱ ግን በትንሽ ድስት ለብቻዋ የሞቀ ቆያት። በርበሬዋን አስቀመሰችው፤ እንባው እየወረደ፣ አፍንጫው እየፈሰሰ «ይጣፍጣል» አላት። ፍቅር እንዲህ ነው።

ስለዚያ የመጀመሪያ ሰሞን «በቃኝ»ዋ ግን አንድም ቀን አልነገረችውም። ርቦኝ ነበር ማለት አሳፈራት። እሱም አልጠየቀም። ለሾርባ የተማረችውን ትምህርት ለልቧ ስትፈልገው ከየት ይምጣ! ትልቁ ጥያቄ ሲመጣ አፏ የእናቷን ቤት ቋንቋ ተናገረ። አሁን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ይህንን ስታስብ በራሷ ተናደደች፤ ንዴቷም ውስጥ ናፍቆቱ ነበር።

ለእናቷ ደወለች።

«ጠየቀኝ፣ እማዬ።»

«ማን? ያ ወጥ ሠሪው?»

«ባለጭልፋው።»

«ያው ነው። ምን አልሽው?»

«አይሆንም አልኩት።»

«እሰይ የኔ ልጅ! አሳደግኩሽ! ታዲያ ሲደግም ምን አልሽ?»

«አልደገመም።»

«አልደገመም?» አለች እናት። «ታዲያ ምኑን ጠየቀ! ከአንጀቱ አይደለማ። አባትሽ እንኳ ሦስቴ…»

«አውቃለሁ፣ እማዬ።»

«ደግሞስ ጥርስ ሐኪም ትሆኚልናለሽ ብለን ልከንሽ ድስት አማሳይ ይዘሽልን ልትመጪ ነው? ሰው ምን ይላል?»

«እማዬ!»

«በቃ፣ ዝም ብያለሁ። ግን ስሚኝ፤ የወደደ ይለምናል። ያልለመነ አልወደደም።»

ስልኩን ዘግታ ቀና ስትል ሳቂታዋ በሩ ላይ ቆማለች። የተባለው አልገባትም፤ የጭራሮን ፊት ግን አነበበች። ጭራሮ ሁሉንም ዘረገፈችላት። ሳቂታዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀችም።

«አንቺ ልጅ፣ እምቢ ብለሽዋል እኮ።»

«አላልኩትም! ማለት… ብዬዋለሁ። ግን መድገም ነበረበት። የወደደ ይለምናል።»

«እኛ ዘንድ ደግሞ የወደደ የተነገረውን ያምናል። ስለሚወድሽ ነው ያመነሽ። ሌላ ቢሆን ይጨቀጭቅሽ ነበር።» ጎኗ ቁጭ አለች። «ደግሞ አልሰማሽም መሰለኝ፤ ጓዳ ሲያወሩ ሰማሁ፤ ሌላ ከተማ ያለ ትልቅ ሆስፒታል የወጥ ቤት ኃላፊነት ሰጥቶት ነበር። እስካሁን መልሱን አቆይቶት ነበር፤ ዛሬ እሺ አላቸው። ዓርብ የመጨረሻው ቀኑ ነው።»

ጭራሮ ትራሷን ስባ አቀፈች።

«ሂጂና ንገሪው» አለች ሳቂታዋ።

«ምን ብዬ? አልጠየቀኝም እኮ! ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ልሁን?»

እሱ ደግሞ እንዳይጠይቅ ነውር ነው፤ እሷ ሳትጠየቅ እሺ እንዳትል ነውር ነው። ሁለት ጨዋ ሰዎች በጨዋነታቸው ሊለያዩ ነው። ጭራሮ ትራሷን አቅፋ፣ እናቷም እውነቷን ሳቂታዋም እውነቷን እንደሆነ እያወቀች፣ ሆዷ ባባ።

በዚያ ሳምንት በየቀኑ ሰልፉ ላይ ቆማ አየችው። እሱ ግን አላያትም፤ ዓይኑ ድስቱ ውስጥ ነበር። «ደህና ዋልሽ?» ይላታል፣ እንደማንኛዋም ተማሪ። ዓሣው አሁንም ያለጭንቅላት ይመጣላታል፤ ሾርባዋም ሞቆ ይጠብቃታል። ይሄ ነው የበለጠ ያስለቀሳት። ቢቆጣት፣ ቢያኮርፋት፣ የዓሣውን ጭንቅላት ቢወረውርላት ይቀላት ነበር።

ዓርብ ደረሰ። ጭራሮ ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ ተለማመደች። «እወድሃለሁ። እሺ ነው መልሴ።» ቀላል ነው፤ ሕፃን ይለዋል። መንገድ ላይ ለራሷ አለችው፤ ደረጃው ላይ አለችው፤ ትሪ ስታነሳ አለችው። ሰልፉ ወደፊት ሲገፋ ከሳቂታዋ ፊት ቆማ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ተራዋ ደረሰ። ባለጭልፋው አዲስ የታጠበ ሽርጥ አድርጓል። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ሾርባዋን ከትንሿ ድስት ቀድቶላት ለመጨረሻ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«ልጨምርልሽ?»

የተለማመደችው ሁሉ ብን አለ። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ዕድሜዋን ሙሉ አብሯት ያደረው ቃል ነው። «በቃኝ።»

አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጭልፋውን ወደ ሳቂታዋ ሳህን አዞረ።

ጭራሮም ጭልፋውን ከመሃል ጨበጠችው።

ሾርባው ተደፋ፤ ሽርጡ ላይም፣ ሻርፗ ላይም። ሰልፉ ውስጥ አንዱ «ኧረ!» አለ። ጭራሮ አልለቀቀችም።

«ደግመህ ጠይቀኝ» አለችው።

«ምን?»

«ልጨምርልሽ በለኝ። ደግመህ!»

«በቃኝ አልሽ እኮ።»

«አልበቃኝም!»

ባለጭልፋው ግራ ተጋብቶ ያያታል። «ታዲያ ለምን በቃኝ አልሽ?»

«እንዲህ ብለው ስላሳደጉኝ ነዋ!» እንባዋ መጣ፤ ልትመልሰውም አልሞከረች። «እኛ ቤት የመጀመሪያው በቃኝ አይቆጠርም። ሰው ሲሰጥህ ዘለህ ከተቀበልክ ስግብግብ ነህ። እምቢ ትላለህ፣ ይለምኑሃል። ደግሞ እምቢ ትላለህ፣ በሞቴ ይሉሃል። ብላልኝ፣ ካልበላህ ልሙት ማለት ነው። ያኔ ነው የምትበላው። የሚወድህ ሰው ይለምንሃል። ካልለመነህ…»



ባለጭልፋው ሳህኗን አየ። የሚያስበው ከፊቱ ይነበባል፤ ከሩቅ እየመጣ ነው። ጭራሮ ስለ ጋብቻው የሚጠይቃት መስሏት ነበር። እሱ ግን ሌላ ነገር ጠየቀ።

«የመጣሽ ሰሞን… ያኔ በቃኝ ስትይኝ… ርቦሽ ነበር?»

በአዎንታ አንገቷን ነቀነቀች።

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

ዓይኑ እንባ ሞላ። ያን የሚያህል ሰውዬ፣ ሰልፉ ሁሉ እያየው። «ምግቤን ጠልታው ነው ብዬ ነበር» አለ። «ቤቴ ገብቼ ጨው ስጨምር፣ ጨው ስቀንስ… ምን ባደርግ ትወደው ይሆን እያልኩ። ለካ አንቺ ርቦሽ ነው። ድስት ሙሉ ሾርባ ይዤ ፊትሽ ቆሜ አስርቤሻለሁ።»

«አላወቅክም እኮ።»

«አላወቅኩም። ማወቅ ነበረብኝ። ሳህንሽን ዘርግተሽ ትቆዪ ነበር፤ አስታውሳለሁ።» ትንፋሹን ሳብ አደረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ መልሱን እንደፈራ ሰው «ያን ቀንስ? ወንበሮቹን ገልብጬ የጠየቅኩሽ ቀን?» አላት።

ጭራሮ በእንባዋ ውስጥ አየችው። «እሱም የመጀመሪያው ነበር» አለችው።

ባለጭልፋው ጭልፋውን አስቀመጠ። ኮፍያውን አወለቀ። እጁን ሽርጡ ላይ ጠረገ፤ ሾርባ ነክቶት ስለነበር ደግሞ ጠረገው። ፊቱ ከጆሮው ጀምሮ ቀላ። አንዴ እምቢ ያለችን ሴት ደግሞ መጠየቅ፣ ያውም በሰው ፊት! ባደገበት ቤት ከዚህ የባሰ ነውር የለም።

«አባቴ ቢያየኝ አንገቱን ይደፋል» አላት። «ይድፋ። ሦስቴም ከሆነ ሦስቴ፣ አሥሬም ከሆነ አሥሬ። ያቺ ቃል ምን ነበረች? የምታስምለዋ?»

«በሞቴ።»

ምላሱን አጣሞ፣ አለስልሶ «በሞቴ» አለ። ጭልፋ ያሻከረው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «በሞቴ፣ ጭራሮ፣ ታገቢ…»

«እሺ!»

«ቆይ እንጂ፣ ገና አልጨረስኩም። እምቢ በይ፣ አንድ ይቀረኛል!»

«እምቢማ ብዬ ነበር፤ ያመጣብኝን አየሁት። እሺ ነው። እሺ፣ እሺ፣ እሺ!»

ባለጭልፋው በድስቶቹ ላይ ተንጠራርቶ ጭንቅላቷን ደረቱ ላይ ጥብቅ አደረገው። ከሰልፉ ኋላ አንዱ «እኛስ? የኛ ሆድ የማን ነው?» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሳቂታዋ እየሳቀችም እያለቀሰችም ዞራ ገባችና ጭልፋውን አንስታ ለሰው ትቀዳ ጀመር፤ ግማሹን ከሳህን ውጪ። ጭራሮ ደረቱ ላይ ሆና የልቡን ምት ትሰማ ነበር፤ ከእሷ ልብ ብሶ ይሮጣል።

«ሆስፒታሉስ?» አለችው ሽርጡ ውስጥ ሆና።

«ደውዬ እምቢ እላቸዋለሁ። እነሱ የዚህ አገር ሰዎች ናቸው፤ ደግመው አይጠይቁኝም።»

ከምሳ በኋላ ወንበሮቹ እንደገና ተገለበጡ፤ ከሁለቱ በቀር። በዚያው ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ትንሿ ድስት መሃላቸው ናት፤ ጭራሮም በዚያ ሳምንት ያልበላችውን ሁሉ ልትተካው ቆርጣ ተነስታለች። ከሳህኗ አጠገብ ስልኳ ይጠራል።

«ሄሎ፣ እማዬ። ጠየቀኝ።»

«ደገመ?» የእናት ድምፅ ዘለለ። «ስንቴ? ስንቴ ለመነሽ?»

ጭራሮ ባለጭልፋውን አየችው። ሦስቴ ልትል ትችል ነበር፤ አሥሬም ብትል ማን ያየ! እሱ ግን የሚባለውን ባይሰማም፣ ምን ትል ይሆን ብሎ እንደ ፈተና ውጤት ጠባቂ ተማሪ ዓይን ዓይኗን ያያታል። መዋሸት አስጠላት።

«እሺ ያልኩት በአንዴው ነው፣ እማዬ። ጥያቄውን እንኳ አላስጨረስኩትም። በሰው ፊት፣ ጮክ ብዬ።»

ጭራሮ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። ቁጣውን ጠበቀች፤ ለቅሶውንም ጠበቀች። የመጣው የጋዜጣ መታጠፍ ድምፅ ነበር፤ ቀጥሎም የአባቷ።

«ንገሪያት በቃ።»

«ዝም በል አንተ» አለች እናት።

«ስንት ዓመት ዝም ልበል? ልጅቷ አግብታ ሳትሄድ ንገሪያት።»

እናት ጉሮሮዋን ጠረገች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። «የኔ ልጅ… አባትሽ እኮ አንዴ ነው የጠየቀኝ። ዓይን አፋር ነበር። እምቢ ብለው ተመልሶ አይመጣም ብዬ ፈራሁ። አፉን ሳይገጥም እሺ አልኩት። ሦስቴ የሚለውን ለጎረቤት ነው ያወጣሁት።»

ጭራሮ ሳቀች። ሳቋ አልቆም አላት፤ ዓይኗን በሻርፗ እየጠረገች ሳቀች። ባለጭልፋው ምን እንደተባለ ሳያውቅ አብሯት ሳቀ። ወዲያ ማዶም አባቷ ይስቃል፤ እናት «አይበቃችሁም!» እያለች ራሷ ትስቃለች።

«ስሚ» አለች እናት ትንፋሽዋን ሰብስባ። «ወጥ ሠሪ መሆኑንስ ተይው። ምናልባት ጭራሮዬን ያወፍርልኝ ይሆናል። በልተሻል ለመሆኑ?»

«እየበላሁ ነው፣ እማዬ።»

«እሰይ። ብዪ።»

ስልኩን ስትዘጋ ሳህኗ ባዶ ነበር። ባለጭልፋው ጭልፋውን አነሳ።

«ልጨምርልሽ?»

«በቃኝ» አለችው። የዚህን ጊዜ እውነቷን ነው፤ ሆዷ ሊፈነዳ ደርሷል።

ባለጭልፋው ግን ሰው ሆኗል፤ ከእንግዲህ የሚታለል አይደለም። ጭልፋውን እስከ አፉ ሞልቶ፣ ሌላኛውን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ በዚያ በሚያለሰልስ ምላሱ «በሞቴ!» አላት።

ጠግባ ነበር። ሳህኗን ዘረጋችለት።